«ስምሽ እንዴት ነበር የሚጻፈው?»፦ የሪኮመንዴሽን መምህራን ስመርጥ ያየሁት

የኬሚስትሪ መምህሬ እስክሪብቶውን ቢጫዋ ወረቀት ላይ አሳርፎ ቀና አለና «ስምሽ እንዴት ነበር የሚጻፈው?» አለኝ። ለኮሌጅ ማመልከቻዬ ሪኮመንዴሽን፣ ማለትም የድጋፍ ደብዳቤ፣ እንዲጽፍልኝ ልጠይቀው ሄጄ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከፊቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነው የተማርኩት። ውጤቴ 97 ነበር፤ በክፍሉ የሚበልጠኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ጻፈ፣ «ችግር የለም፣ እጽፍልሻለሁ፤ ሬዙሜሽን በኢሜይል ላኪልኝ» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። አመስግኜ ወጣሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ኮሪደሩ ላይ ሆዴ ባር ባር አለኝ።

11ኛ ክፍልን ልጨርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውኝ ነበር። አሜሪካ ከመጣን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም፤ ሜሪላንድ ስገባ 10ኛ ክፍል ተጋምሷል። ቤታችን ውስጥ ኮሌጅ ማመልከት ምን ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ታላቅ እህትም ታላቅ ወንድምም የለኝም፣ ታላቋ እኔ ነኝ። ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ 11ኛ ክፍልን እየጨረሰ «ማንን ልጠይቅ?» ሲለኝ ያኔ የሠራሁትን ስህተት ሁሉ አስታወስኩና፣ ለእሱ ብቻ ከምነግረው ልጻፈው አልኩ።

አባዬ በዚያን ጊዜ የራሱ ሐሳብ ነበረው። እሱ የሚያውቀው የድጋፍ ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚጀምር፣ ስሟ ከላይ የተጠቀሰው ተማሪ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ትምህርቷን መከታተሏን፣ ጸባይዋም ምስጉን መሆኑን የሚገልጽ፣ ግርጌው ላይ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። የዚያ ደብዳቤ ክብደቱ ማኅተሙ ላይ ነው። ስለዚህ «መምህር ከምታስቸግሪ ዶክተሩ ይጻፉልሽ» አለኝ። ዶክተሩ ቤተ ክርስቲያን የምናገኛቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። እኔን የሚያውቁኝ ግን በበዓል ቀን ጉንጬን ስመው «በርቺ፣ ጎበዝ» ሲሉኝ ነው። አባዬን ለማሳመን ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመነም።

የአሜሪካ ኮሌጆች የሚፈልጉት ምስክር ነው፤ ክፍል ውስጥ በዓይኑ ያየውን የሚናገር ሰው። ውጤታችሁ በትራንስክሪፕት፣ በውጤት መዝገባችሁ፣ ለብቻው ይደርሳቸዋል። የተሳተፋችሁበት ክበብ፣ ያገኛችሁት ሽልማት፣ የሠራችሁት ሥራ ማመልከቻው ላይ በራሳችሁ እጅ ተሞልቷል። መምህሩ ይህንኑ ደግሞ ከጻፈው አንባቢው ከአንድ ገጽ ላይ አንድም አዲስ ነገር ሳያገኝ ወደሚቀጥለው ልጅ ፋይል ያልፋል። የኬሚስትሪ መምህሬ ሬዙሜ ሲጠይቀኝ ሆዴን ባር ባር ያለው ይሄ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከሬዙሜዬ ሌላ የሚጽፈው አልነበረውም።

ሌላም አለ። በኮመን አፕ፣ ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚቀበሉት የኢንተርኔት ማመልከቻ፣ በኩል የሚልክ መምህር ደብዳቤ ብቻ አይደለም የሚልከው፤ መጠይቅም አለው። ተማሪዋን በዚያው ክፍል ካስተማራቸው ልጆች ጋር አነጻጽሮ ደረጃ እንዲሰጣት ይጠየቃል፦ በጽሑፍ ችሎታ፣ በክፍል ውይይት፣ በራስ ተነሳሽነት፣ በሐቀኝነት፣ ነገር ሲበላሽባት በምታሳየው ጠባይ፣ ለሌሎች በማሰብ። ምርጫው ከአማካይ በታች ከሚለው ተነስቶ ከምርጦቹ 10 በመቶ፣ ከምርጦቹ 5 በመቶ እያለ «በሥራ ዘመኔ ካጋጠሙኝ ጥቂቶች አንዷ» እስከሚለው ይሄዳል። ካውንስለሬ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ባዶውን ቅጽ ስታሳየኝ ዝም ብዬ ቆጠርኩ። ከ97 ጋር በቀጥታ የሚገናኘው አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ነው። «በክፍል ውይይት» የሚለው ላይ ያ ሰውዬ ምን ሊሞላልኝ ነው? ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እጄን አውጥቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ልጆች አንድ ነገር ልበል። እኛ ቤት «ጨዋ ልጅ ናት» ከተባለ ከዚያ በላይ ምስጋና አይፈለግም። መምህር ሲናገር ዝም ማለት፣ ካልተጠየቁ አለመናገር፣ ዓይንን ሰበር ማድረግ። ያ ጨዋነት ወደ እንግሊዝኛ ተገልብጦ ደብዳቤ ላይ ሲወጣ «ጸጥተኛና ሰው አክባሪ» ይሆናል። አንባቢው ደግሞ መምህሩ የሚለው ሲያጣ የጻፈው አድርጎ ነው የሚያነበው። ክፉ ቃል አይደለም፣ ባዶ ነው። ባዶነት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ በሃርቫርድ ላይ በተማሪ ቅበላ አሠራሩ የተመሠረተው ክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ለችሎት ሲቀርብ፣ የመምህራኑ ደብዳቤዎች እያንዳንዳቸው በቁጥር ደረጃ እንደሚሰጣቸው በአደባባይ ታውቋል። ሁሉም ኮሌጅ እንዲህ ያደርጋል ማለቴ አይደለም፤ ደብዳቤውን ለይስሙላ የሚቀበሉም አሉ። አጥብቀው በሚመርጡት ዘንድ ግን ይነበባል።

ካውንስለሬን «ታዲያ ማን ይጻፍልኝ?» ስላት «ወረቀት ሳያይ ስለ አንቺ አምስት ደቂቃ ማውራት የሚችል መምህር ማን ነው?» አለችኝ። ሳላስበው የእንግሊዝኛ መምህሬን ጠራሁ። ወዲያው ደግሞ «ግን እኮ ቢ ፕላስ ነው የሰጠችኝ» አልኩ።

«እኮ» አለች ካውንስለሬ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ድርሰቴ ሲ ማይነስ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ በፊት ሲ የሚባል ነገር ስሜ አጠገብ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። መስመሮቹ አናት ላይ በአረንጓዴ ቀለም ትንንሽ ቀስቶች ተሥለዋል፤ ግርጌው ላይ «31» ይላል። 31 ቦታ «ዘ» የምትለዋን ቃል ዘልያታለሁ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሥቃይ ያውቀዋል፤ እኛ «ቤቱ» ብለን ጨርሰናል፣ ከስሙ ፊት የምትገተር ሌላ ቃል የለችንም። በምሳ ሰዓት ሄጄ «የት እንደምትገባ በምን አውቃለሁ?» አልኳት። ሳቀችና «ሕጉን እኔም በቃሌ አልይዘውም፤ ቁጭ በይ፣ አብረን እንፈልገው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳዬን ይዤ እዚያ ክፍል ነበርኩ። ያንን ድርሰት አምስት ጊዜ ጻፍኩት። አራተኛው ላይ ተጣላን ማለት ይቻላል፤ አንድ አንቀጽ «አውጪው» ስትለኝ እምቢ አልኩ፣ ለምን እንደሚያስፈልግም ቆሜ ተከራከርኩ። ቤት ስገባ መምህር የተሳደብኩ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ አንቀጹ ይቆይ አለችኝ፤ ቦታው ግን ተቀየረ።

ልጠይቃት ስሄድ ካውንስለሬ ያስጠናችኝን ዓረፍተ ነገር ይዤ ነበር፦ «ስለ እኔ ጠንካራ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚበቃ ያህል ያውቁኛል ብለው ያስባሉ?» «ይጽፉልኛል?» ከሚለው ይለያል። «ይጽፉልኛል?» ለሚል ልጅ እምቢ የሚል መምህር ጥቂት ነው፤ ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት ይከብደዋል። ይህኛው አጠያየቅ ግን በር ይከፍትለታል፤ ከፈለገ ሳያሳፍራችሁ ይወጣበታል። «ሌላ የበለጠ የሚያውቅሽ ሰው ቢኖር ይሻላል» የሚል መምህር ካጋጠማችሁ አትቀየሙት። ከዚያ የበለጠ ውለታ አይውልላችሁም።

እሷ ግን ወዲያው «ስለ የትኛው ልጻፍ? ስለ 31ዱ ወይስ ስለዚያ አንቀጽ?» አለች።

ችግሩ የኬሚስትሪ መምህሬ ቀድሞ እሺ ማለቱ ነው። ይሉኝታ ሁለት ሳምንት ሙሉ አሰቃየኝ፤ በኮሪደሩ ሲያልፍ መንገድ እቀይር ነበር። በመጨረሻ ሄጄ «ሁለት መምህራን አግኝቻለሁ፣ እርስዎን ባላደክም ብዬ ነው፤ እሺ ስላሉኝ በጣም አመሰግናለሁ» አልኩት። «ኦ፣ ጥሩ!» አለ። ቢጫዋ ወረቀት አሁንም ከኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ተለጥፋለች፤ እያየሁት ላጣት። ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ ነው። ያን ሁሉ ቀን የተሰቃየሁት በከንቱ ነበር። በዚያ የአሜሪካ በጋ፣ ትምህርት በሚዘጋበት ወራት፣ ከሠላሳ በላይ ደብዳቤ ይጠብቀው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ደብዳቤ መጻፍ ከመደበኛ ሥራቸው ውጪ፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ምሽትና እሁድ የሚሠሩት ነገር ነው። አንዳንዶቹም በዓመት ከዚህ ቁጥር በላይ አልጽፍም ብለው ይዘጋሉ፤ ስለዚህ ቀድሞ የጠየቀ ያገኛል። የ11ኛ ክፍል ጸደይ፣ ሜይ አካባቢ፣ ትክክለኛው ጊዜ ነው። መምህሩ በጋውን ያገኛል፣ እናንተንም ገና አልረሳችሁም።

ሁለተኛው ደብዳቤ ከሒሳብ መምህሬ መጣ። እሱን የመረጥኩት ስለ አንዲት ነገር ነው። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ሲሠራ የመቀነስ ምልክት ዘለለ፤ መልሱ ተበላሸ፤ ክፍሉ በሙሉ ገልብጦ ጻፈ። እኔ አየሁት። እጄን ግን አላወጣሁም፤ መምህርን ሰው ፊት ማረም እንዴት ተደርጎ! ትምህርቱ ሲያልቅ በትንሽ ወረቀት ላይ ትክክለኛውን ሠርቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ። በማግስቱ ወረቀቷን ይዞ ገባና፣ የማን እንደሆነች ሳይናገር፣ «ትናንት አሳስቻችኋለሁ፤ አንድ ሰው አርሞኛል» ብሎ እንደገና ሠራው። ሲወጣ በጆሮዬ «ሌላ ጊዜ እዚያው ንገሪኝ፤ ልጆቹ ተሳስተው ወደ ቤት ሄዱ እኮ» አለኝ። ከዚያ በኋላ እናገር ጀመር። መጀመሪያ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህ ሰው ከኖቬምበር እስከ ጁን የተለወጠችውን ልጅ አይቷል፤ እንደ ኬሚስትሪው 97 ባይኖረኝም 92 ነበረኝ፣ ያ ይበቃል።

አመራረጡን በተመለከተ ኮሌጆቹ ራሳቸው ያስቀመጡት ደንብ ስላለ ከስሜት በፊት እሱን ማየት ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ስታንፎርድን የመሳሰሉት ሁለት የመምህር ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ አንድ የሚበቃቸው ብዙ ናቸው። በካሊፎርኒያ ዩሲ የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ከማመልከቻው ጋር ጭራሽ አይጠይቁም፣ ስለዚህ ለእነሱ ብላችሁ መምህር እንዳታስጨንቁ። ኤምአይቲ አንዱን ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ፣ ሌላውን ከቋንቋ ወይም ከታሪክና ከማኅበራዊ ሳይንስ ወገን ይፈልጋል፤ ካልቴክም እንደዚሁ። ኤምአይቲ የሚጠቀመው ደግሞ የራሱን ማመልከቻ እንጂ ኮመን አፕን አይደለም፤ መምህሩ ለብቻው መላክ እንዳለበት ቀድማችሁ ንገሩት። ዳርትመዝ ከመምህራኑ ሌላ የእኩያ ደብዳቤ ያበረታታል፤ ጓደኛ ስለ ጓደኛ የሚጽፈው ማለት ነው። ይህን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ፣ አባዬ ደግሞ ሳቀ።

አንድ ከቁጥር፣ አንድ ከጽሑፍ ወገን መያዝ ለማንኛውም ኮሌጅ ስለሚሆን እኔ ያንን አደረግሁ። ሁለቱም 11ኛ ክፍል ያስተማሩኝ ነበሩ። የ9ኛ ክፍል መምህር የሚያውቀው የ14 ዓመት ልጅን ነው። 12ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ የሚያስተምራችሁ ሰው ደግሞ ኖቬምበር ሲደርስ ገና ስማችሁን እየለመደ ነው። በእርግጥ የ10ኛ ክፍል መምህር 12ኛ ላይ እንደገና ካስተማራችሁ፣ ወይም ክበብ የምትመሩበት እሱ ጋ ከሆነ ያ ወርቅ ነው።

እንደ እኔ ዘግይተው ለመጡ ልጆች የሚነሳው ጥያቄ የኢሶል፣ ማለትም እንግሊዝኛን ሌላ ቋንቋ ለሚናገሩ ልጆች የሚያስተምር፣ መምህር ነው። ከማንም በላይ የምታውቀኝ እሷ ነበረች፤ አውቶቡስ ስቼ ያለቀስኩባት ሁሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ ኮሌጆች መደበኛ የትምህርት ዓይነት የሚያስተምር ሰው ነው የሚፈልጉት። እኔ ሁለቱን ከመደበኛ ትምህርት ወስጄ እሷን ተጨማሪ ደብዳቤ ለሚቀበሉት ኮሌጆች ብቻ ጨመርኳት። ተጨማሪ ስትሉ ግን አንድ ይበቃል። አራት አምስት ደብዳቤ መደርደር ፋይሉን ያወፍረዋል እንጂ አያጠነክረውም፤ አንዳንዶቹ ኮሌጆችም ከጠየቁት በላይ እንዳትልኩ በግልጽ ይናገራሉ። ዶክተሩም፣ የሰፈሩ ትልቅ ሰውም፣ የምክር ቤት አባሉም እዚህ ጋ ነው የሚቀሩት። የበጋ ሥራ አለቃችሁ ከሆነ ወይም ላቦራቶሪ ያሠራችሁ ሰው ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ አይቷችኋል።

ካውንስለሯን አትርሱ። የእሷ ደብዳቤ ከመምህራኑ ይለያል፤ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተሰባችሁን፣ ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ያለውን ጎደሎ የምታስረዳው እሷ ናት። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ይበቃል ይላል፤ የእኔዋ ከ400 በላይ ነበራት። ስለዚህ ራሴ ካልነገርኳት አታውቀኝም። ሄጄ 10ኛ ክፍልን ከመሀል እንደጀመርኩ፣ የድሮ ትምህርት ቤቴ ውጤት እስኪተረጎም ወራት ስለፈጀ ከደረጃዬ በታች የሒሳብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንደከረምኩ፣ እናቴን ሐኪም ቤት የማስተረጉምላት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። «ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አለችኝ። ምን ብዬ? የቤት ጉዳይ እደጅ አይወጣም ተብዬ ነው ያደግሁት።

መምህራኑ ደግሞ ብራግ ሺት የሚሉትን ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ራስን የማወደሻ ወረቀት በሉት። የመጀመሪያው የእኔ ወረቀት የክበቦች ዝርዝር ነበር፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት። የእንግሊዝኛ መምህሬ መልሳ «ይህን ኮሌጁም ያየዋል፤ እኔ ክፍል ውስጥ የሆነውን ጻፊልኝ» አለችኝ። እንደገና ጻፍኩ። ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ገጽ፣ እነሱ ክፍል ውስጥ የደረሰብኝ ሁለት ሦስት ነገር፦ መቼ እንደሆነ፣ ምን እንዳልገባኝ፣ ምን እንዳደረግሁ። ለሒሳብ መምህሬ የጻፍኩት አንዱ እንዲህ ይል ነበር፦ «የፌብሩዋሪው ፈተና ላይ 71 አገኘሁ። ስህተቶቼን ለይቼ ስቆጥራቸው ከዘጠኙ ስድስቱ ጥያቄውን በደንብ ሳላነብ የሠራኋቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄውን በአማርኛ ለራሴ ደግሜ ካልነገርኩ እስክሪብቶ አላነሳም።» መምህሩ ፈተናውን ያስታውሳል፤ በአማርኛ መደገሜን ግን ከየት ያውቃል? ወረቀቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ደብዳቤውን አትጻፉላቸው፤ ያዩትን አስታውሷቸው፣ ያላዩትን ጎን አሳዩአቸው።

ይህን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። «አንተው ጻፈውና እኔ እፈርማለሁ» የሚል መምህር አለ። ሰነፍ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ሥራ በዝቶበት ወይም እንግሊዝኛው አስፈርቶት ነው። እንደዚያ ከሆነ ያንን ግማሽ ገጽ ስጡትና በራሱ ቃል፣ አጭርም ቢሆን፣ እንዲጽፍ ለምኑት። በሐሰት ከመፈረም በላይ የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር ድምፁ ነው፤ የ17 ዓመት ልጅ ስለ ራሷ «ይህች ድንቅ ተማሪ» ብላ የጻፈችው ከሩቅ ያስታውቃል፣ የማመልከቻ ድርሰቷ ደግሞ እዚያው ፋይል ውስጥ በዚያው እጅ ተጽፎ ተቀምጧል። እምቢ ካለም ሌላ መምህር መፈለግ ነው።

ኮመን አፕ ላይ መምህር ከመጋበዛችሁ በፊት ፌርፓ የምትባል ገጽ ትመጣለች። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሕግ ነው፤ ተማሪ የትምህርት መዝገቡን የማየት መብት ይሰጠዋል። ገጿ የምትጠይቃችሁ ደብዳቤውን የማየት መብታችሁን ትተዋላችሁ ወይ ብላ ነው። መብት ተው ሲባል ማን ደስ ይለዋል? አባዬ «ምንም ነገር እንዳትፈርሚ» አለኝ። ነገር ግን ልጁ እንደሚያነበው የሚያውቅ መምህር እጁ ይታሰራል፣ አንባቢውም ደብዳቤውን በጥርጣሬ ያየዋል፤ አልተውም ካላችሁ ደግሞ የማይጽፉ መምህራን አሉ። ባትተዉትም የምታዩት እዚያ ኮሌጅ ገብታችሁ መማር ከጀመራችሁና ኮሌጁ ደብዳቤውን ካላስወገደው ብቻ ነው። ተውኩት። ምን እንደጻፉልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ ልምጣ። ኮመን አፕ በየዓመቱ ኦገስት 1 ይከፈታል። ሴፕቴምበር ላይ የእንግሊዝኛ መምህሬን በስርዓቱ ጋበዝኳት። ቀድሞ ለሚያመለክቱ የሚሰጠው ቀን ኖቬምበር 1 ነበር። ኦክቶበር ሲገባ ገጼን ስከፍት ስሟ አጠገብ «አልተጀመረም» ይላል። ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። ሳምንት አለፈ፤ «አልተጀመረም»። በየቀኑ ክፍሏ በር ላይ አልፋለሁ፤ ሰላም ትለኛለች፤ እኔ ስለ አየሩ አወራለሁ። በነፃ ውለታ የሚውልልሽን ሰው «የት አደረስሽው?» ማለት መጨቅጨቅ መሰለኝ። ኦክቶበር 27 ላይ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነገርኳት። ዓይኗን አፈጠጠች። «ደብዳቤው እኮ ኦገስት ላይ አልቋል፤ የምልክበት ሊንክ ነው ያልደረሰኝ፤ ስርዓቱ ዘግይቶ መስሎኝ» አለች። የጋበዝኩበትን ኢሜይል አብረን ከፈትን። በስሟ ውስጥ ያሉትን ሁለት ኤሎች አንድ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

የኬሚስትሪ መምህሬ ትዝ አለኝ። እሱ ቢያንስ ጠይቆኛል።

በዚያው ከሰዓት ላከችው። እኔ አራት ሳምንት ገደማ በይሉኝታ የበላሁት ጊዜ እሷ ጋ ሁለት ደቂቃ ነበር። ስለዚህ ቀኑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ጊዜ፣ አንድ ሳምንት ሲቀረው አንድ ጊዜ፣ አጭር መልእክት ላኩ፦ «ጤና ይስጥልኝ፤ የኖቬምበር 1ዱ ቀን እየቀረበ ስለሆነ ግብዣው ደርሶዎት እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው። ከእኔ የሚፈልጉት ነገር ካለ ይንገሩኝ። በጣም አመሰግናለሁ።» አይሰድባችሁም ማንም። መጀመሪያ ላይ የምታመለክቱባቸውን ኮሌጆችና ቀኖቹን በአንድ ወረቀት ጽፎ መስጠትም ይረዳል፤ በኮመን አፕ መምህሩ አንድ ጊዜ የጫነው ደብዳቤ እናንተ ለመደባችሁለት ኮሌጅ ሁሉ ስለሚሄድ፣ ውስጡ ላይ የአንድ ኮሌጅ ስም እንዳይጠራ አስታውሱት። ትምህርት ቤታችሁ ናቪያንስ የሚባለውን የኮሌጅ ማመልከቻ መከታተያ ድረ ገጽ የሚጠቀም ከሆነ ግብዣው በዚያ በኩል ነው የሚሄደው፤ ካውንስለሯን ጠይቁ። የመምህር ደብዳቤ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ብዙ ኮሌጆች ተማሪውን አይቀጡም፤ የእናንተ ማመልከቻ ግን በቀኑ መግባት አለበት። ገቢያቸው ዝቅ ያለ ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ ኩዌስትብሪጅን፣ እንዲህ ያሉ ተማሪዎችን ከኮሌጆችና ከነፃ ትምህርት ዕድል ጋር የሚያገናኘውን ድርጅት፣ ቢያስቡ ደስ ይለኛል። እሱም ሁለት የመምህር ደብዳቤ ይፈልጋል፣ የሚዘጋው ግን ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው፤ በጸደይ ያልጠየቀ ሰው እዚያ ላይ ይጨነቃል። እኔ ስለ እሱ የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማርች ላይ ከአንዱ ኮሌጅ የመጣው የመቀበያ ደብዳቤ ግርጌ ላይ አንዲት የቅበላ ሠራተኛ በእስክሪብቶ ሁለት መስመር ጽፋበት ነበር፤ አንቀጿን ላለማስወጣት የተከራከረችውን ልጅ ለማየት እንደጓጓች። ከዚያ በቀር ስለ ደብዳቤዎቹ የማውቀው የለኝም። ለሁለቱም መምህራን በእጄ የምስጋና ካርድ ጽፌ ሰጠሁ፤ የት እንደገባሁም መጀመሪያ የነገርኩት ለእነሱ ነው። የሒሳብ መምህሬ ካርዱን ሲያነብ ቆየና አንድ ቦታ ላይ በጣቱ እየነካ «እዚህ ጋ አንድ 'ዘ' ጎድሏል» አለኝ። የእንግሊዝኛ መምህሬ ነግራው ኖሯል።

ወንድሜ ከእኔ ይለያል፤ ክፍል ውስጥ ለፍላፊ ነው፣ ውጤቱ ግን ወጣ ገባ ይላል። የመረጠው የታሪክ መምህሩንና፣ በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሊጥለው ደርሶ የነበረውን የፊዚክስ መምህሩን ነው። የሁለቱንም ኢሜይል ከትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ገልብጦ አሳየኝ፤ ፊደል በፊደል አየሁት። ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ሊጠይቃቸው ነው። ትናንት ማታ እራት ላይ ይህን ሲያወራ አባዬ ዝም ብሎ ሰማውና፣ እጁን ሲታጠብ «ዶክተሩንስ ጠይቀሃል?» አለው።